ማርሽ የሌለው ፊልም

ሰኞ

ጊታሩን ከፊልሙ አውጣ አለኝ። እንዲሁ በደፈናው። አቶ ሙላቱ፣ የፊልሙ ዳይሬክተር፣ ከተማ ቢሮው ውስጥ እግሩን አነባብሮ። የኢንዱስትሪ ፊልም ውስጥ የዳንስ ቤት ጩኸት አይገባም፣ ወይ እንደ ሰልፈኛ ሙዚቃ ያለ ማርሽ ትሠራለህ ወይ ሰው እቀይራለሁ አለ። (ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አልልም።)

ከባንዱ ከወጣሁ ወዲህ ብቻዬን የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራ ነው። ፊልሙ ስለ እኛ ሰፈር ስለ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ተቀርጾ አልቋል፣ ድምፅ ግን የለውም። ድምፁ እኔ ነኝ። የባንዱ ልጆች ተመልሶ ይመጣል እያሉ ይወራረዳሉ አሉ። ይጠብቁ።

ማክሰኞ

እህቴ አስካለ ፋብሪካው ውስጥ ሽመና ክፍል ነች። አለቃዋን ለምና አስገባችኝ። የሽመና መኪናዎቹ ሲነሱ ደረቴ ድረስ ተሰማኝ። እዚያ ማንም ማንንም አይሰማም፣ በእጅ ነው የሚያወሩት። መዳፍ ደረት ላይ ከሆነ ደህና ነው፣ ይሂድ። ሁለት ጣት ተቆላልፎ ከተለያየ ክር ተበጥሷል፣ አቁም። ሐሜቱም በእጅ ነው። ጸጉሬን እያዩ ሲስቁ ስለነበር እኔንም ሳያሙኝ አልቀሩም።

ማርሽ የሚረግጥ እግር ግን አላየሁም። መኪናው ታ-ታካ፣ ታ-ታካ ነው የሚለው። ይሄ ሮክ ካልሆነ ምንድነው?

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ቤት ቀዳሁ። አንድ ጊታር፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ የተዋስኩት ቴፕ። ጎረቤታችን ባለሱቁ ጋሽ ከድር ቀንስ ሊሉኝ መጡ። ቀነስኩ። ሲሄዱ መልሼ ከፈትኩት። ጋሽ ከድር ይቅር ይበሉኝ፣ ዛሬ ቆንጆ ነበርኩ።

ሐሙስ

ተዋረድኩ። አቶ ሙላቱ ቢሮ ቴፑን ስንከፍተው ሥራዬ እየሮጠ ወጣ። ቀጭን፣ የትንኝ ድምፅ የመሰለ ነገር። ሰውዬው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ምን እንደሆነ የገባኝ ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ሲሠራ የሰፈራችን መብራት ይደክማል። ቴፑም ደክሞ፣ ቀስ እያለ ነው የቀዳው። ከተማ ደህና መብራት ሲያገኝ ሮጠ። አቃቂ ያደገ ሰው ይሄን ይረሳል? ረሳሁ።

ከቢሮው ስወጣ እስከ ሰኞ ድረስ ጊዜ ሰጥቶኝ ነበር፣ መጨረሻው ላይ እንኳ ማርሽ ይኑር ብሎ። እሺ አልኩ። ከሳቁ ይልቅ እሺ ማለቴ ነው ያበገነኝ።

እሁድ

ፋብሪካው ቆሟል፣ መብራቱ ጤነኛ ነው። እንደገና ቀዳሁ። ጥርት ብሎ ወጣልኝ። መጨረሻው ላይ ማርሿን በጊታር ጨመርኩ። አጭር ናት፣ ማን ልብ ይላታል? ለእንጀራ ሲባል ስንት ይደረጋል። አፈርኩ።

ሰኞ

አስካለ የማታ ተረኛ ስለሆነች ጠዋት ቢሮው ይዣት ሄድኩ። ፊልሙና ቴፑ አብረው ተነሱ። የራሷ እጆች ሸራው ላይ ሲመጡ፣ እህቴ መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች። አቶ ሙላቱ ልቧ የተነካ መሰለው። እኔ ነኝ የማውቀው፣ ይሂድ ማለቷ ነው። ደስ ብሎኝ መቀመጥ አቃተኝ።

ከዚያ ማርሿ መጣች። አስካለ ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳትል ሁለት ጣቶቿን አቆላልፋ ለያየቻቸው።

መብራቱ ሲበራ ሰውዬው የወደደው ያችኑ መጨረሻ ብቻ ነው። የቀረውን ላስብበት አለ። ተነሳሁ።

«መጨረሻው ይወጣል» አልኩት። «ጊታሩ እንዳለ ይገባል፣ ካልሆነ ቴፔን ይዤ እሄዳለሁ።»

 በቃ፣ ብያለሁ። አቶ ሙላቱ ከመሳቢያው መቀስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ራስህ ቁረጣት። የቀረውን ሐሙስ እነግርሃለሁ።»

ቆረጥኳት። እዚያው ፊቱ። አስካለ አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኝታ መጣች። ማርሿ፣ ያቺ የቴፕ ቁራጭ፣ ኪሴ ውስጥ ናት። ሐሙስ የሚለውን ይበል።