ከሰማይ የታየው ግቢያችን

ለልጄ ለሊቤ፣

አካም ጂርታ ልጄ? የድሬዳዋው ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባልሽ ቦሩስ ጉልበቱ ተሻለው? ትንሿ ጂቱ ጥርስ አወጣች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በእግሬ ቆሜአለሁ፤ ከብቶቹም ደህና ናቸው። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄ እንዳይከዳኝ ብዬ ነው።

እናንተ ተመልሳችሁ ለምትገቡበት፣ ግቢያችን ውስጥ ለሚሠራው ቤት፣ እንዳላችሁት፣ ዓለም ገና ከተማ ፕላን ሠሪው በሪሁን ዘንድ ሄድኩ። ከሰማይ የተነሳውን የግቢያችንን ፎቶ ኮምፒዩተሩ ላይ ዘርግቶ ቤቱን በላዩ ሊስል ነው። ፕላኑን ሲከፍተው ግን ፎቶ የለም፤ ባዶ ሳጥን፣ ውስጡ የፎቶው ስም ብቻ። «ጠፋ?» አልኩት። «አልጠፋም ኦቦ ዲሪርሳ፤ ፕላኑ ፎቶውን ሆዱ ውስጥ አይዝም፣ ያለበትን ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ቦታውን ቀይሬበት ነው» አለኝ። ፎቶው ያለበትን ፈልጎ ለፕላኑ ሲያሳየው ግቢያችን ቦግ ብሎ ወጣ።

ቆርቆሮው፣ በረቱ፣ ከጓሮ በር ደጅ ደግሞ ቀይ ነገር። «እስቲ አቅርበው» አልኩት። የተሰጣ በርበሬ ነው። አጠገቡ አንዲት ነጥብ አለች። ሰው ከላይ ሲታይ ነጥብ ነው፤ ጥላው ግን መሬት ላይ ሰው ሆኖ ተኝቷል። ወደ ግራ ያዘነበለ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ ያደረገ። እናትሽ ነች ሊቤ። ወርቅቱ ነች። በሪሁን «በርሜልም ሊሆን ይችላል አባቴ» ቢለኝ «በርሜል ወገቡን ያመዋል?» አልኩት። እሱ ሳቀ። ፎቶው ከመሞቷ በፊት በነበረው ኅዳር የተነሳ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ በርበሬ ያሰጣ የለም።

ቀጥሎ የቤታችሁን መስመር አመጣ። ሳሎኑ መጥቶ በላይዋ አረፈ፤ ግድግዳው ጥላዋን ለሁለት ከፈለው። «አንሳው!» አልኩ። እሱ ፎቶውን አጠፋው፤ ባዶው ላይ መስመሩ ብቻ ቀረ። «ይኸው፣ አሁን ምንም የለም» አለኝ። የፈራሁት ያኔ ነው ልጄ። የሄደች አልመሰለኝም፤ ከመስመሩ ሥር ያለች መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ በጓሮ በር አልወጣም፤ በረት የምሄደው በፊት ለፊት ዞሬ ነው። ጎረቤታችን ገለቴ «ሽማግሌው በገዛ ግቢው መንገድ ጠፋው» ትላለች። ትበል። ረፋድ ላይ የራሴን ጥላ አየዋለሁ፤ እሱም ወደ ግራ ማዘንበል ጀምሯል።

በሪሁንን ቤቱን ወደ በረቱ አስጠጋው ብዬዋለሁ። ሳሎኑ ይጠብባችኋል፣ የፍግ ሽታም አይቀርም። ቦሩ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። ያቺን መሬት እኔ እያለሁ ማንም መሠረት አይቆፍርባትም። ካልተስማማችሁ ቤቱ ይቅር፣ አሮጌው ይበቃኛል። ስትመጪ ግን በጓሮ በር አብረን እንወጣለን። ብቻዬን አልችልም።

ቦሩን ጉልበትህን በቅቤ እሽ በይልኝ። ጂቱን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ለአማትሽ ለወይዘሮ የወይንሐረግ እጅ ነስቻለሁ።

አባትሽ ዲሪርሳ
ሰበታ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.