ቀትር ላይ ያልተፈተነው ቦርድ

ሰኞ

ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ ተቆለፈብኝ። ጠረጴዛ ሥር ገብቼ የወደቀች ብሎን ስፈልግ፣ ዘበኛችን አደም ማንም የለም ብሎ ቆልፎ ሄደ። ስልኬ ቢሮ ቀርቷል። ኤሲውንም እንደ ልማዱ አጥፍቶታል። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በላብ ታጠብኩ።

ሌላ የሚታይ ነገር ስላልነበረ ቦርዴን አየሁ። ከሰማይ የሚወርዱ ጨረሮችን ለሚቆጥር መሣሪያ እኔ የነደፍኩት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው። ጠዋት በደቂቃ መቶ ገደማ ይቆጥር ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ሦስት መቶ። ስምንት ተኩል ላይ ዘጠኝ መቶ አለፈ። ሰማዩ ያው ነው፤ የጨመረው የክፍሉ ሙቀት ነው።

አደም ከፍቶ ሲያየኝ ደነገጠ፤ እንደ ታላቅ እህቱ አባዮ ነው የሚለኝ። «ወላሂ አባዮ፣ የሄድሽ መስሎኝ ነው። በዚህ ሰዓት ድሬ ላይ ማን ሥራ ቦታ ይቀራል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ወር ሙሉ የፈተንኩት ጠዋትና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ያውም በኤሲ ነው። ቀትር ላይ ሁላችንም ተኝተናል። እኔ ደግሞ «በሚገባ ይሠራል» ብዬ ፈርሜያለሁ።

ማክሰኞ

ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ታይዋን ገበያ ሄጄ የፀጉር ማድረቂያ ገዛሁ። ሻጯ ሻሼን አይታ ሳቀች፤ በዚህ ሙቀት ፀጉር በራሱ አይደርቅም ወይ አለችኝ። ለቦርድ ነው ብላት እብድ ናት ትላለች።

ነፋሁበት፤ ቁጥሩ ወጣ። አጠፋሁት፤ ወረደ። አምስት ጊዜ ደገምኩት።

የመጀመሪያው ንድፌ ሙቀቱን እያየ ቮልቴጁን የሚያስተካክል ሴንሰር ነበረው። ቦርዱ እንዲያንስ ብዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ሐሙስ አምስት ቦርዶች ሐርላ አጠገብ ኮረብታ ላይ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሊገጠሙ ይሄዳሉ። እዚያ ኤሲ የሚባል ነገር የለም።

ረቡዕ

ለአለቃዬ ለዶክተር ነጂብ ነገርኳቸው። ከኮምፒውተራቸው ቀና ሳይሉ፣ ተባባሪዎቻችን ሐሙስ ይገጠማል ተብለዋል፣ ይሂድና እዚያው ይስተካከላል አሉ። የሌለ ሴንሰር በምን ይስተካከላል? ይህን ግን አላልኩም። ውሌ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የሚያድሱት እሳቸው ናቸው።

ብናገር ሥራዬ፣ ዝም ብል ስሜ። ዓመት ሙሉ የውሸት ቁጥር በእኔ ፊርማ ሊጠራቀም ነው። የሰኞው በር እንኳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተከፍቷል፤ ይህ ግን መውጫ የለውም። ፈራሁ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ሐሙስ

መኪናው ጠዋት መጣ። ካርቶኖቹ ተጫኑ። የርክክብ ቅጹ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። ከፊርማዬ በላይ «ቀትር ላይ አልተፈተነም፤ ሲሞቅ የሌለውን ይቆጥራል» ብዬ ጻፍኩ።

ዶክተር ነጂብ ሁለቴ አነበቡት። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሹፌሩን ካርቶኖቹን አውርድ ብለው ቢሯቸው ገብተው ዘጉ።

አስር ሰዓት ላይ አስጠሩኝ። ሴንሰሩን መልሰሽ አዲስ ቦርድ ለማድረስ ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል አሉ። ስድስት ሳምንት አልኩ። «ውልሽ የቀረው ሦስት ነው» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ማስፈራራታቸው ይሁን ለእኔ ማሰባቸው ሳይገባኝ ወጣሁ።

ንድፉን ከፍቼ ሴንሰሩን ማስገባት ጀምሬያለሁ። የሚጨርሰው ሌላ ሰው ቢሆንም።