የሾፌሩ ድርሻ

ውድ የጎማ አባት፣

ከመንገድ የመጣ ጓደኛህ “ደኅና ነው፣ እንዲያውም ፊቱ ወዝቷል” ስላለኝ ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። የምጽፍልህ ስለ ውሻችን ስለ ጎማ ነው። ፊደል የለቀምኩት ሳሙናና ስኳር ከሚጠቀለልበት ቁራጭ ወረቀት መሆኑን ታውቃለህ፤ የተሳሳትኩትን እለፈው።

ለመምጫህ ቀን አልነበረህም። “መንገድ አይታመንም፣ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂኝ፤ ድስትሽን ግን ባዶ እንዳላገኘው” ትለኝ ነበር። እኔም ልብስ ከምተኩስበት ላውንደሪ ስመለስ በየማታው ያንተን ድርሻ እሠራለሁ፤ ሽንኩርቱ እስኪጠቁር የተቁላላ፣ ጨውና ቅባት የበዛበት ሥጋ። ከድኜ አሳድረዋለሁ። ካልመጣህ ጠዋት የጎማ ነው። “ባለቤቱ ሲቀር ወራሹ ይብላ” እያልክ ትስቅ ነበር። ያን ጊዜ ለጎማ በሳምንት አንዴ ቢደርሰው ነው።

ከዚያ ቀረህ። ጓደኛህ በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ሲያሽ ገባኝ።

“እታለሜ፣ እኔ ክፉ ወሬ ማምጣት አልወድም።”

“እንግዲያው በጎውን ንገረኝ።”

“በጎው መኖሩ ነው። እዚያ ማዶ ቤት ይዟል። መጋረጃ ሲሰቅል አገኘሁት።”

መጋረጃ ስቀልልኝ ስልህ “ነገ” የምትለኝ ሰው፣ ለሌላ ሰቀልክ። ያን ማታም እንደ ወትሮዬ ሽንኩርት ከተፍኩ። ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ለምን ታለቅሳለህ ተብሎ አይጠየቅም።

ከዚያ ወዲህ ያንተ ድርሻ በየቀኑ የጎማ ሆነ። ወፈረ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ባየው ቁጥር፣ “ጅራት ባበቅል እኔንም ትቀጥሪኛለሽ?” ይለኛል። እኔም ውፍረቱን ጤና አድርጌ ቆጠርኩት። አንድ ጠዋት ግን ደረጃውን መውጣት አቃተው። ሽንቱም እንደ ሻይ ጠቆረ። በላውንደሪው ጋሪ፣ በአንሶላ ጠቅልዬ ወደ እንስሳት ሐኪም ገፋሁት።

“ስሙ ማነው?”

“ጎማ።”

“እውነትም ተነፍቷል” አለ ሐኪሙ። ከንፈሩን ገልጦ ድዱን ሲያይ ግን ሳቁን ተወው። ድዱ እንደታጠበ ጨርቅ ነጥቶ ነበር። “እናቴ፣ ምን ያበሉታል?”

ነገርኩት።

“ሽንኩርትም አለበት?”

“ካልበዛማ አይጣፍጥም።”

“ለሰው ነው የሚጣፍጠው። የውሻን ደም ግን ይጨርሳል፣ ቀስ እያለ። ጨውና ስቡም አያዝኑለትም። ይህን ምግብ መቼ መቼ ነው የሚያገኘው?”

“ባለቤቴ ሲቀር።”

እጁን ጎማ ጀርባ ላይ አሳረፈ። ዝቅ ባለ ድምፅም፣ “እንግዲያው ብዙ ቀርተዋል” አለኝ።

ሰው ሁሉ አይመለስም ሲለኝ አፌን ሞልቼ ተከራክሬ ነበር። ከጎማ ደም ጋር ግን ምን ብዬ ልከራከር?

የሚበላውንም ነገረኝ። ስብ የሌለው ቅቅል ሥጋ፣ ሩዝ፣ ካሮትና ዱባ። በአጥንት ፋንታ የእንቁላል ቅርፊት አልሜ ፈጭቼ ትንሽ እንድነሰንስለት፣ ንጹሕ ውሃም እንዳይለየው። “የተቀቀለ አጥንት ተሰብሮ አንጀት ይወጋል፣ እንዳይሰጡት። በዓይኑ ይለምንዎታል፤ አይጨምሩለት። ከወደዱት ይመጥኑለት” አለኝ።

ታዲያ የጎማን ለብቻ፣ ያንተንም ለብቻ መሥራት ጀመርኩ። ሲነጋ ያንተ ድርሻ እንደተከደነ ይጠብቀኛል። ለጎማ ብሰጠው መርዝ፣ ብጥለው ነውር። እሱ እግሬ ሥር ተቀምጦ ሽታው እያንቀጠቀጠው ያየኛል። ቆሜ፣ ቀዝቃዛውን እኔው በላሁት። ለካ ጨው ስታበዛ ነው የኖርከው። እንዲህ እየበላሁ ሰነበትኩ። አንድ ማታ ግን ሽንኩርቱን አንስቼ ልልጠው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ወደ ቅርጫቱ መለስኩትና የጎማን ዱባ ጣድኩ። ቤቱ ያን ማታ አንተን አንተን አልሸተተም። መስኮት ከፍቼ እንደሆነ ብዬ ሄጄ አየሁ፤ ዝግ ነበር።

ትናንት ከንፈሩን ገልጬ አየሁት። ድዱ ቀላ ማለት ጀምሯል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለእሱ ደም የተመለሰለት እኔ አንተን መጠበቅ ባቆምኩ ልክ ነውና። እሱ ምን ያውቃል፣ ፊቴን ላሰኝ።

አሁንም ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም ቀና እንላለን። ሆዳችንን መጥነናል፤ ጆሮአችንን ግን ገና አልቻልነውም።

ብትመጣ በር አልዘጋብህም፣ ጎማም ይፈነድቅልሃል። ግን በልተህ ና።

የጎማ እናት