የሰባት ሴቶች ምትክ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ
ዛሬም መድረክ አልወጣሁም። ሰባቱም ዘፋኞች ጤነኛ ናቸው... ተመስገን እንዳልል እንጀራዬ ነው፣ እንዳላማርር ነውር። የዋናዋ ተዋናይት ምትክ ቁጭ ብላ ሹራብ ትሠራለች። ታድላ! የምታጠናው አንድ ሰው ብቻ። እኔ የሰባቱንም ዘፈን፣ ዳንስ፣ መግቢያና መውጫ ይዣለሁ፤ አንዷ ስትታመም የምተካት እኔ ነኝ።

እማዬ ደወለች። "ልጅሽ ምን ሆና ነው የምትጫወተው ሲሉኝ ምን ልበል?"
"ሰባት ሴት።"
"አንዷን መሆን አቃተሽ?"

ጥቅምት 9፣ እሑድ
ጉድ ፈላ! እማዬ ሳትነግረኝ መጥታ ቴአትሩን አየች። ሲያልቅ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።
"በዚያ አረንጓዴ ቀሚስ እንዴት አድርገሽ ዘፈንሽ!"
አረንጓዴዋ እኔ አይደለሁም፤ ፊቷ በቀለምና በሰው ሠራሽ ፀጉር ስለተሸፈነ ከሩቅ አልለየቻትም። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ወንበር ላይ ነበርኩ። ልነግራት አፌን ስከፍት... ታለቅሳለች። እንዲህ ኮርታብኝ አታውቅም። ሳልነግራት እንባዋን ጠረግሁላት። ምን ነካኝ?

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ
ቅዳሜ አክስቶቼን ይዛ ልትመጣ ነው። አምስቱንም! አረንጓዴዋን ለመንኳት።
"ቅዳሜን ታመሚልኝ።"
"ምኔን?"
"የፈለግሽውን።"
ሆዷን ይዛ ሳቀች። "እሺ፣ ጉሮሮዬን።"

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ
አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሼ ሳልጨርስ የመድረክ መሪው እየሮጠ መጣ። ጎባጣዋን አሮጊት የምትጫወተዋ እግሯን ወለም ብሏታል። "አውልቂ፣ አሮጊቷ አንቺ ነሽ! ባለ ጉሮሮዋ፣ እንደምንም ትችያለሽ?"
"እችላለሁ" አለች ከሃዲዋ፣ ሳቋን አፍና።

ጉብጠቴን አስሬ፣ ጥርሴን አጥቁሬ ወጣሁ። አረንጓዴዋ ስትዘፍን እማዬና አክስቶቼ ተነስተው አጨበጨቡ። ለሌላ ሰው ልጅ! አጠገቧ ጎብጬ ማልቀስ አማረኝ። በንዴት ከልክ በላይ አነከስኩ፤ አዳራሹ በሳቅ አለቀ።

ሲያልቅ እማዬ ገብታ አረንጓዴውን ቀሚስ አቀፈች። ቀና ብላ ፊቷን ስታይ ደነገጠች። "ልጄስ?"
"እዚህ ነኝ" አልኩ፣ ከነጉብጠቴ። "ባለፈውም እኔ አልነበርኩም።" እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።
"እና ሁለቴ በሰው ልጅ ነው ያስጨበጨብሽኝ?" ጥርሴን አየች። "ያቺ ሆዴን በሳቅ ያፈረሰችው አሮጊት... አንቺ ነሽ?"
"አዎ።"
"ሌሎቹንም እንዲህ ትችያቸዋለሽ?"
"ሰባቱንም።"
ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንድ በአንድ አስዘፈነችኝ፤ አክስቶቼ ፊት፣ ሰባቱንም።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ
እማዬ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "ዛሬ ደግሞ ማን ነሽ?"
"ማንም። ሁሉም ደህና ናቸው።"
"ውይ! አንዷን እንኳ አላስነጠሳትም?"