የሸዋነሽ የቁም ተዝካር

ቢቸና፣ ሚያዝያ ፭ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለሥርጉት፤ የአባትነት ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በጉያና ምድር ከእነ ቤተሰብሽ በጤና ያግኝሽ። እኛ በቸርነቱ አለን።

የባለቤትሽ ወገኖች የሆኑት ህንዶች የመሪያቸውን መቶኛ የልደት ዓመት ሲያከብሩ፣ ልጅሽም ባንዲራ ይዞ በሰልፉ መካከል የቆመበትን ፎቶግራፍ የሞጣዋ አክስትሽ ሙሉዬ በስልኳ አሳየችን። እኔም የመሪው አያቶች ሸንኮራ ሊቆርጡ ከህንድ ወደ ጉያና በመርከብ ሄደው በዚያው እንደቀሩ፣ የልጅ ልጃቸው ግን ለዚህ ክብር እንደበቃ የጻፍሽውን ለእናትሽ አነበብሁላት።

«ህንድ የቀረችው እናታቸውስ? ተዝካሯን ማን አወጣላት?» አለችኝ።

«ህንዶች ተዝካር የላቸውም» ብላት፣

«ተዝካር የሌለው ልጁ የራቀበት ነው፣ መሪጌታ» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሌላው ወሬ ደኅና ነው። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል። እናትሽም፣ ሰው ሲሞት ልጆቹ የሚያወጡለትን ተዝካር እርሷ በቁሟ ለማውጣት ስለ ቆረጠች፣ ጌሾው ተወቅጦ፣ ለካህናቱም ተነግሮ፣ የቀረውን ከአልጋዋ ሳትነሣ ታዝዛለች። እህል ብዙም አትሻም፤ ሙሉዬ «ድግሱን ለእኛ ልትተወው ነው» እያለች ትቀልድባታለች።

በዳሱ ውስጥ፣ ከካህናቱ ቀጥሎ፣ የሦስት ሰው ቦታ ባዶ ይሁን ብላለች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ባለቤትሽን እጅ ነሥቻለሁ፤ ልጁን ሳሚልኝ። ቀኑ ቅዳሜ ግንቦት ፲፩ ነው፤ ይህንንም የጻፍሁልሽ እንዲያው እንድታውቂው ብቻ ነው።

አባትሽ መሪጌታ ፈረደ