ነፋስ ያላሳተው ጥይት

እሑድ፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.፤ ድሬ ዳዋ

ዛሬ ደስታዬ ልክ የለውም። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚነሳው ነፋስ የትንሿ ጠመንጃዬን ቀላል ጥይት እየገፋ ዒላማ ሲያስተኝ ከረመ። ዛሬ ግን አረሩ ከበድ ያለውን ይዤ ወደ ተኩስ ሜዳው ሄድኩ። ባለቤቴ ተሰማ፣ "ከባዱ ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ይቅርብሽ" አለኝ። አልሰማሁትም። ማነጣጠሪያውን ትንሽ ከፍ አድርጌ አምስት ጊዜ ተኮስኩ። አምስቱም መሐል ገቡ!

"ሴት ልጅና ጠመንጃ ምን አገናኛቸው?" ሲሉኝ የኖሩት አማቼ ከወንበራቸው ተነሡ። የዒላማው ወረቀት ድረስ ሄደው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ዳሰሱና እየሳቁ ነቀሉት።

"አባባ፣ ወዴት ሊወስዱት ነው?" አልኳቸው።

"ለጓደኞቼ ላሳይ ነዋ! ያስተማርኳት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።"

ተሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ይሁን፣ ያስተማሩኝ እርሳቸው ይሁኑ።