በጨረር የተተከለው የአጎቴ የሙላቴ ዓይን

አቶ ሙላቴ ታደሰ ከአባታቸው ከአቶ ታደሰ አየነውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴ ካሴ በ1951 ዓ.ም. በደብረ ታቦር አቅራቢያ ተወለዱ። በሕፃንነታቸው ኩፍኝ ግራ ዓይናቸውን ወሰደባቸው። በቀረችው ዳዊት ደገሙ፤ ከዚያም እርፍ ጨበጡ። በ1985 ዓ.ም. ወይዘሮ ጌጤን አግብተው አንዲት ልጃቸውን የሺን አፈሩ።

በ2001 ዓ.ም. አውድማ ላይ የገብስ ጢም ቀኝ ዓይናቸውን ወጋቸው። ብሌኑ ጠባሳ ለበሰ፤ ዐሥራ አራት ዓመት በየሺ ትከሻ ተመሩ።

በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከሟች የተለገሰ ብሌን በሌዘር ጨረር ተቆርጦ ተተከለላቸው። ጨረሩ ጠርዙን እንደ ሙዳይና ክዳን ስለሚያገጣጥመው ቁስሉ ቶሎ ይጠግጋል፤ ይህን ያሉት ሐኪሙ ናቸው፣ የእኔ ወሬ አይደለም። በሦስተኛው ወር ጣት ቆጠሩ፣ በአምስተኛው ፊት ለዩ። እትዬ ጌጤን አይተው «እኒህ እናት ማን ናቸው?» ቢሉ፣ «አንቱም መስታወት ይዩና እንጫወታለን!» ተባሉ። ምኞታቸው በ2017 ዓ.ም. ጥር የየሺን ሠርግ ማየት ብቻ ነበር።

ሐኪሙ «ከቀላ በዚያው ቀን ይምጡ፤ ውሃ አይንካው» ብለው ነበር። በታኅሣሥ ቀላ። ያን ሰሞን እኔ የእህታቸው ልጅ አዳነ፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ የታጠበች ዕውር በቅሎ ያለ መሪ ይፋግ ገበያ ውላ ተመለሰች ብዬ አወራሁ። ሁሉም ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ለማንም ሳይናገሩ በሚኒባስ ወርደው ሦስት ቀን ዓይናቸውን በፍል ውሃው አጠቡ። ብሌኑ መገለ፣ ጠፋም። ሐኪሙ ማን እንደመከራቸው ሲጠይቋቸው «እግሬ ነው የወሰደኝ» አሉ። አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አፌን አልከፈትኩም። ጨረሩስ ሥራውን ሠርቶ ነበር።

በሠርጉ ቀን እጄን ይዘው «እስቲ ዛሬ እንኳ ሳትቀጥፍ ንገረኝ፤ ልጄ ምን ትመስላለች?» አሉኝ።

«ታለቅሳለች» አልኳቸው።

«አይ ቀጣፊ!» ብለው ሳቁ። በቅሎዋን አምነውኝ ይህን አላመኑኝም።

ከዚያ ወዲያ ከደጅ አልወጡም፤ እህልም ጠላቸው። በሳንባ ምች ታመው መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ታሪካቸውን ጽፈህ በቀብሩ ላይ አንብብ ያሉኝ እትዬ ጌጤ ናቸው፤ ወንዛዬ ማን እንደላካቸው አያውቁም ነበር። አሁን ሰሙ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን መሪ በማያሻበት ብርሃን ያኑርልን።